«በሬዬን ነው እኮ የምትሸጠው» ላለኝ ልጅ ምን ልመልስ?

ይህ ደብዳቤ የመጣው ከምዕራብ ጎጃም ነው። ከተማውን አልጠራም፤ የጸሐፊውም ስም ይቅር። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ዘፈንና ፊልም በፍላሽና በሚሞሪ እየጫንሁ ነው የምኖረው። ድሮ የገበያ ቀን ሰልፍ ነበር። አሁን የከተማው ልጅ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ነው። የሚመጣልኝ የገጠር ሰው፣ የባጃጅ ሹፌርና ሽማግሌ ብቻ ሆኗል። ኔት ሲጠፋ ግን ሁሉም ተመልሶ ይመጣል።

ባለፈው ወር አንድ የአካባቢያችን ልጅ ሱቄ ገባ። መሲንቆ ይጫወታል። በሬ ሸጦ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ አንድ ዘፈን አስቀርጿል። ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ስለወጣ እኔ አውርጄ ‹አዲስ የጎጃም› የሚለው ፎልደር ውስጥ ከትቼዋለሁ። እንደ ደንበኛ ቆሞ ዝርዝሩን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ‹ወንድም፣ በሬዬን ነው እኮ የምትሸጠው› አለኝና ወጣ። ቢጣላኝ ይሻል ነበር።

ባለቤቴ ‹ልጅ አለን፤ ምን ልንበላ ነው?› ትላለች። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ‹ዩቲዩብ ላይ በነፃ ያለ ነገር እንዴት ስርቆት ይሆናል?› ይለኛል። እኔ ሌባ ነኝ ወይስ ነጋዴ? ሱቄን ልዝጋ?»

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። «ቢጣላኝ ይሻል ነበር» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበብኋት። እሷን ባትጽፍ ኖሮ መልሴ አጭር ይሆን ነበር።

በመጀመሪያ እኔም ንጹሕ እንዳልሆንሁ ልንገርህ። ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ ባለሁለት ካሴት ቴፕ ያለው ጓደኛ ነበረኝ። በአንዱ በኩል ኦሪጅናሉን፣ በሌላው ባዶውን ከትተን እንቀዳ ነበር። ባዶ ካሴት መግዣ ሲጠፋ ደግሞ መላ አለ። የታተመ ካሴት በላዩ እንዳይቀዳበት ጀርባው ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው። ቀዳዳውን በወረቀት ወይም በጥጥ ትጠቀጥቀዋለህ፤ ከዚያ እሺ ብሎ ይቀዳል። እኔም አንድ ቀን የአክስቴን የመዝሙር ካሴት ጠቅጥቄ ዘፈን ቀዳሁበት። ልመልሰው ስል ረሳሁት። አክስቴ በጾም፣ ሰው ሰብስባ ቡና እያፈላች፣ ካሴቷን ከተተችው። የሆነውን አንተው ገምት። እስከ ዛሬ ቤቷ ስገባ ቴፑ አጠገብ አታስቀምጠኝም። ለዘፋኙ ግን ያኔ አንድም ቀን አላሰብሁም። እኔን የቆጠቆጠኝ የአክስቴ ቁጣ ነው። አንተ ከእኔ ትሻላለህ፤ አንተን የቆጠቆጠህ የልጁ ነገር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሕጉን ሳልሸፋፍን ልንገርህ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። የ1996ቱ አዋጅ ሲወጣ መብት ሆን ብሎ ለጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነበር የጻፈው። ያው አዋጅ አንድ ሰው የታተመ ሥራ ለራሱ፣ ለግል አገልግሎቱ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችልም ይላል። ልብ በል። ለራሱና አንድ ቅጂ ነው ያለው። ስለዚህ አንተ ከሱቅ በኋላ ቤትህ የምትሰማው ዘፈን ሌላ ነገር ነው። ሱቅህ ውስጥ ለሦስት መቶ ሰው እየጫንህ ብር የምትቀበልበት ግን በሕጉ ዓይን ንግድ አይደለም። የንግድ ፈቃድ ቢኖርህም እንኳ፤ ፈቃዱ ሱቁን ነው እንጂ ዘፈኑን አይሰጥህም።

ይህን ስል «ሌባ» የሚለውን ቃል ልለጥፍብህ አይደለም። በእኛ አገር እኮ «ዘረፈ» ማለት ራሱ ሁልጊዜ ነውር አይደለም። ጎጃም ውስጥ ቅኔ ይዘረፋል። «ጥሩ ዘራፊ ነው» ሲባል ደብተራው ደስ ይለዋል። ግን ቅኔ ዘረፈ የሚባለው በቦታው፣ ከራሱ አፍልቆ የተቀኘ ነው። የሰው ቅኔ ሸምድዶ የራሱ አስመስሎ ያለ ሰው ዘራፊ አይባልም፤ የሚባለውን አንተም ታውቀዋለህ። እንግዲህ አንተ የቱ ዘራፊ ነህ? ልጁ መጥቶ ያየው ፎልደር ውስጥ ስሙ ነበረ? ይህችን ጥያቄ ያዛት፤ እመለስባታለሁ።

ወንድምህ «ዩቲዩብ ላይ በነፃ አለ» የሚለው ነገር ሞኝነት አይደለም። የዓለም ሙዚቃ ንግድ ሃያ ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቀው በዚችው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ሾን ፋኒንግ የተባለ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ተማሪ ናፕስተር የሚባል ነገር ሠራ። ኮምፒውተርህ ውስጥ ያለውን ዘፈን እኔ እወስዳለሁ፤ የእኔን አንተ ትወስዳለህ። ከእኛ የካሴት ቅጂ የሚለየው ባዶ ካሴት አለመፈለጉ ነው። ኩባንያዎቹ ከሰሱት፤ በ2001 ተዘጋ። ከዚያስ? በቦታው አሥር ሌላ በቀለ። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ተራውን ሰው መክሰስ ያዙ። ከሠላሳ ሺህ በላይ ሰው ከሰሱ። ምንም አልቆመም። በ1999 ከ22 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው የዓለም የተቀረጸ ሙዚቃ ገቢ እያሽቆለቆለ በ2014 ወደ 13 እና 14 ቢሊዮን ወረደ።

ያስቆመው ማን ይመስልሃል? ፖሊስ አይደለም። ስዊድን ውስጥ በ2003 ፓይሬት ቤይ የሚባል በዓለም የታወቀ የሕገወጥ ማውረጃ ተከፍቶ ነበር። በዚያችው አገር በ2006 ዳንኤል ኤክ እና ማርቲን ሎረንትዞን ስፖቲፋይ የሚባለውን የሙዚቃ ማድመጫ መሠረቱ፤ በ2008 ሥራ ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሰው የሚሰርቀው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ስርቆቱ ስለሚቀለው ነው። ስለዚህ ከስርቆት የሚቀል ነገር እንስጠው። ትጫናለህ፣ ይዘፍናል። ቫይረስ የለ፣ መጠበቅ የለ፣ «ትራክ 04 ሳይጨርስ ቆረጠ» የለ። የማይከፍለው በማስታወቂያ ይሰማል፤ የሚከፍለው በየወሩ ይከፍላል። በ2024 የተቀረጸ ሙዚቃ የዓለም ገቢ 29.6 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል፤ ከሦስት ሁለት እጁ የስትሪሚንግ፣ ማለትም ዘፈኑን ሳይገዙ ከኔት ላይ በቀጥታ የመስማት ነው። ሕሊናን የለወጠው የለም፤ የተለወጠው ድካሙ ነው።

አንድ ጥናት ልጨምርልህ፤ የአንተ ነገር ቁልጭ ብሎ ያለበት ነው። ከአውሮፓ ኮሚሽን የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው። በስፖቲፋይ 47 ጊዜ የተደመጠ ዘፈን፣ ያለ ክፍያ የሚወርድ አንድ ዘፈን ያስቀራል ይላል። 137 ጊዜ የተደመጠ ደግሞ በገንዘብ የሚሸጥ አንድ ዘፈን ያስቀራል። ገባህ? ስትሪሚንግ የበላው ኮፒ አድራጊውን ብቻ አይደለም፤ ባለሱቁንም አብሮ ነው። አንተ ደግሞ ሁለቱንም ነህ። ሰልፉ ያጠረው ለዚህ ነው። ባለቤትህ ጠንቋይ ጋ ሄዳ ከሆነ ብሯን ታስመልስ።

ግን ይህ ሁሉ ኔት ላለው ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ምን እንደሆነ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ለወራት ዩቲዩብም ቲክቶክም ቴሌግራምም የለ። እዚህ ማርቆስ ላይ አቧራ የለበሱ የፍላሽ ሱቆች እንደገና ሲከፈቱ አይቻለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ወር ሙሉ አንዲትን ዘፈን እየደጋገመች ስትሰማ ከርማ፣ በመጨረሻ አባቷ ሃምሳ ብር ሰጥቶ «ሂጅና ሌላ አስጭነሽ ነይ» አላት። ኔቱ ሲመለስ ሱቆቹ መልሰው ጭር አሉ። ስለዚህ «ኔት ሲጠፋ ሁሉም ይመጣል» ያልኸው ነገር ዋና ነው። ሰው ከአንተ የሚገዛው ዘፈኑን አይደለም። ማድረሱን ነው። ከብዙ መሐል መምረጡን ነው። ቁልፍ ስልክ ለያዘ ገበሬ ሚሞሪዋን አውጥተህ፣ የተበላሸችውን ፎርማት አድርገህ፣ ዘፈኑን በየተራ ደርድረህ፣ «አባባ፣ እዚህ ጋ ሲጫኑ ይከፍታል» ብለህ ማሳየትህን ነው። በጎጃም ገጠር ስፖቲፋዩ አንተ ነህ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ አንተ ለባለቤቱ አትከፍልም።

ይህን ካየን ለወንድምህ መመለስ ይቀላል። ዩቲዩብ ላይ ያለው ነፃ አይደለም። ሰሚው ብር አያወጣም እንጂ ማስታወቂያ አለ፣ ቆጣሪ አለ። ስንት ሰው አየ፣ ከየት አየ፣ ይቆጠራል። አንተ በቪድሜት አውርደህ ሚሞሪ ላይ ስትጭነው ቆጣሪው እዚያው ቀረ። አንድ የባጃጅ ሹፌር የልጁን ዘፈን በቀን አምስት ጊዜ ቢያሰማ በወር 150 ነው። አሥር ባጃጅ ቢሆን 1,500። ለልጁ የሚቆጠርለት ስንት? ዜሮ። ከተማው ሁሉ እየሰማው፣ መንገድ ላይ ልጆች እየዘፈኑት፣ ስልኩ ላይ ግን «ማንም አልሰማህም» ይለዋል። እኔ ብሆን በሬውን ብቻ ሳይሆን አእምሮዬንም የሸጥሁት ይመስለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ለአንተ ላድላ። ስትሪሚንግን እንደ ታቦት አልሸከምልህም። የሚከፍለው ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሒሳብ አንድ ሺህ ጊዜ ለተደመጠ ዘፈን ከ3 እስከ 5 ዶላር ገደማ ነው፤ ያም በዘፋኙ፣ በአሳታሚውና በሌላው መካከል ይከፋፈላል። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ጭራሽ አይከፍልም። ዩቲዩብም ቢሆን ከዘፈን ማስታወቂያ ገንዘብ ለማግኘት በተለመደው መስፈርት 1,000 ተከታይና በዓመት 4,000 የእይታ ሰዓት ይጠይቃል። ለታወቀ ዘፋኝ ይህ ቀላል ነው። ለመሲንቆ ተጫዋቹ ልጅ ግን በሬው በዚህ መንገድ በቅርቡ አይመለስም። የውጭዎቹ መተግበሪያዎች ደግሞ ክፍያቸው በዶላር፣ በውጭ ካርድ ነው፤ ከደምበጫ ገበያ መጥቶ ቪዛ ካርድ የሚያወጣ ሰው አሳየኝ። የእኛዎቹ ይህን አይተው ነው የተነሡት። ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋ፣ ኃይሌ ሩትስና ዳዊት ንጉሡ በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ሲጀምሩ ሰው በስልኩ ሒሳብ ዘፈን እንዲገዛ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሰዋሰው የሚባለው መተግበሪያ መጣ። ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ሱቅ ሊከፍቱ የተነሡት ካሴቱም ሲዲውም ስለሞተባቸው ነው። የገደሉት ደግሞ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ አንተና እኔ ነን።

ታዲያ ልጁ ገንዘቡን የት ያገኛል? ድሮ አዝማሪ የት ያገኝ ነበር? ጠጅ ቤት ገብቶ ይጫወታል፤ «ተቀበል» ትለዋለህ፣ ይቀበላል፤ ደስ ሲልህ ብሩን ግንባሩ ላይ ትለጥፋለህ። አዝማሪን ኮፒ ማድረግ አይቻልም ነበር። ግጥሙን ብትሸመድደው እንኳ እሱ በማግስቱ ሌላ አለው። ዛሬም የገጠርና የትናንሽ ከተማ ዘፋኝ እንጀራው እዚያው ነው፤ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የበዓል መድረክ። ዘፈን የሚያስቀርጸው እንዲጠሩት ነው። እንዲጠሩት ደግሞ ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት።

እንግዲህ ወደ ፎልደርህ እንግባ። አንተ አልጻፍህልኝም፤ ግን እኔ በብዙ ሱቅ ስላየሁት አውቀዋለሁ። «አዲስ የጎጃም» ትከፍታለህ። ውስጡ «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02»፣ «አሪፍ ጭፈራ»፣ «ጎጃም 7 ኒው»፣ አንዱ ደግሞ ያወረድህበት መተግበሪያ የለጠፈለት ረጅም ቁጥር። ስም የለም። በሬ የተሸጠለት ዘፈን «ጎጃም 7 ኒው» ተብሎ ነው ያለው። ጥር ላይ ልጁን የሚድር ገበሬ ዘፈኑን ወዶት «ይህን ልጅ ለሠርጌ ላምጣው» ቢል ማንን ይጠይቅ? አዋጁ እኮ ከገንዘቡ መብት ሌላ የሠራው ሰው በስሙ የመታወቅ መብት እንዳለውም ይላል። አንተ የወሰድህበት ሁለቱንም ነው። ለእኔ ከባዱ ይኸኛው ነው።

አንድ የድሮ ታሪክ በመሐል ላስገባ። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ንጉሣዊ ድንጋጌ በኢትዮጵያ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ቤት ያለው ወጣት ያንን ጥሶ ዘፋኞችን ቀርጾ፣ ሸክላውን ህንድ አሳትሞ አመጣ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የዚያ ዘመን ዘፈን ብዙው በእሱ እጅ የወጣ ነው። ስለዚህ «ሕግ ተጣሰ» ብሎ መደንገጥ ብቻ አያዋጣም። ግን ልዩነቱን እይ። አምሃ የጣሰው የመንግሥትን ሞኖፖል ነው እንጂ የዘፋኙን መብት አይደለም። ሸክላው መሐል ላይ የዘፋኙ ስም ታትሟል። አንተም ጥሰህ አምሃ ሁን እያልሁህ አይደለም፤ ከሙዚቃ ነጋዴም መሐል ዘፋኙ የሚፈልገው እንዳለ ላሳይህ ብዬ ነው።

ሱቁን አትዝጋ። እንዲህ አድርግ።

ነገ ልጁን ፈልገው። ትንሽ ከተማ ነው፤ መሲንቆ የሚጫወት ልጅ አይጠፋህም። ባዶ እጅህን አትሂድ፤ ስትሄድ ግን የይቅርታ ንግግር አታብዛ። «ዘፈንህን ስንት ጊዜ እንደጫንሁ አልቆጠርሁም፤ ይኸው በግምት ይህን ያህል» ብለህ ስጠው። አምስት መቶም ይሁን ሁለት ሺህ፣ ኪስህ የቻለውን። እምቢ ሊል ይችላል፤ በጎጃም ሰው መጀመሪያ እምቢ ማለት ደንብ ነው። ሁለተኛ አቅርብለት። ከዚያ ስምምነት ይኑራችሁ። ጥራት ያለውን ዘፈን ራሱ ይስጥህ፤ ከዩቲዩብ የወረደውን ጣለው፣ ድምፁም ዝገት ነው። ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ «በዚህ ሱቅ እንዲጫን ፈቅጃለሁ፤ ከእያንዳንዱ ይህን ያህል ብር ለእኔ» ብሎ ይፈርም። ባለ ዱቤ ሸቀጥ ቤቶች የሚይዙት ዓይነት ደብተር ግዛና በጫንህ ቁጥር አንድ መስመር አስምር። እሑድ እሑድ ደምረህ በቴሌብር ላክለት። መልእክቱ ደርሶት «20 ብር» ቢልም ላክ። ዋናው ቆጣሪው እንደገና መሥራቱ ነው።

ይህንኑ ለሌሎቹም አድርግ፤ ልትደርስባቸው ለምትችላቸው። በየከተማው ሁለት ሦስት እንዲህ ዓይነት ልጅ አለ። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ዳር ዘፈን አስቀርጾ የሚሰማው ያጣ ስንት ነው! የአካባቢውን ዘፈን በፈቃድ፣ በስም፣ በጥራት የሚጭን አንድ ሱቅ ቢኖር አገር አቋራጭ የሚነዱት ሹፌሮች ራሳቸው ይፈልጉታል። ሹፌር እንደሆነ ከተማው ሲቀየር ዘፈኑም የዚያ አገር እንዲሆን ይወዳል፤ ተሳፋሪው ያዘዋል።

የታወቁት ዘፋኞች ነገር ይከብዳል። ስማርት ስልክ ላለው ደንበኛ አትጫንለት፤ የእኛን መተግበሪያ አስገባለት፣ ክፍያውን በቴሌብር አሳየው፣ ዘፈኑን መተግበሪያው ውስጥ በሱቅህ ዋይፋይ አውርድለት። ኔት ባይኖርም ይሰማዋል። ለአገልግሎትህ አስከፍለው፤ ይህ ንጹሕ ብር ነው። መዝሙርም ያው ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የዘፈኑን ፎልደር ደብቀህ የመዝሙሩን እንደምታወጣ አውቃለሁ፤ ሁላችሁም እንደዚያ ናችሁ። መዝሙር ያለፈቃድ ሲባዛ ጽድቅ የሚሆን ከመሰለህ ካህን ጠይቅ።

ቁልፍ ስልክ የያዘው ገበሬስ? የታወቀ ዘፋኝ ሥራ በሕጋዊ መንገድ በሚሞሪ ገዝቶ የሚሄድበት ሱቅ እኔ እስከማውቀው በአገሩ የለም። መተግበሪያ ስልኩ አይቀበልም። ሲዲ ቀርቷል። እዚህ ጋ ስትሪሚንጉ ራሱ ገበሬውን ትቶት ሄዷል፤ ይህን ጥግ ላጸዳልህ አልችልም። እኔ አንተን ብሆን የአካባቢውን ልጆች ዘፈን አስቀድሜ አቀርብለት ነበር። ብዙው ገበሬ የሚፈልገው የሚያውቀውን ዜማ ነው፤ ማን እንደዘፈነው አይከራከርህም።

ፊልሙን ግን ተው። ዛሬውኑ። ከሲኒማ ቤት ገና ያልወረደ ያማርኛ ፊልም በፍላሽ መሸጥ ሰውን ከእነሕይወቱ መቅበር ነው። የውጭውም አያዋጣህም፤ ቴሌግራም ቀድሞሃል። በነገራችን ላይ በፊልም በኩል ዓለሙም አልተሳካለትም። በሙዚቃ አንድ ቦታ ከፍለህ ሁሉንም ማለት ይቻላል ታገኛለህ። በፊልም ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ኔትፍሊክስ ጀምሮት፣ በኋላ ኩባንያው ሁሉ የየራሱን በር አቆመ፤ ለአንዱ ተከታታይ እዚህ፣ ለሌላው እዚያ ክፈል ሆነ። ሰው ሰለቸውና ወደ ስርቆቱ ተመለሰ። ሙሶ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት በ2023 ብቻ ወደ ሕገወጥ ድረ ገጾች 229 ቢሊዮን ጉብኝት ቆጥሯል፤ ትልቁ ድርሻ የቴሌቪዥን ነው።

ደግሞ «እኔም ቻናል ልክፈትና የአካባቢውን ዘፈን ልልቀቅ» ብለህ እንዳታስብ፤ ከፈቃዱ በፊት ማለቴ ነው። ዩቲዩብ የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ከሰጠህ ቻናሉን ይዘጋብሃል። በፈቃድ ከሆነ ግን ይህ ራሱ ሥራ ነው። ኮምፒውተር ታውቃለህ፤ ልጆቹ አያውቁም። ዘፈናቸውን በራሳቸው ስም ክፈትላቸው፣ ጫንላቸው፣ ለድካምህ ተቀበላቸው። ፎቶ ማተሙ፣ የሠርግ ቪዲዮው፣ የባጃጅ ቴፕ ፍላሽ ማስተካከሉም አለ። ለባለቤትህ የምትመልሰው በዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ገቢህ ይቀንሳል፤ አልዋሽህም። ስለዚህ አስቀድመህ ንገራት፤ ከደብተሩ አንብባ አትድረስበት።

አሁን ያዛት ወዳልሁህ ጥያቄ። ከልጁ ጋር ተስማምታችሁ ስትመለስ ኮምፒውተሩን ክፈት። «ጎጃም 7 ኒው» የሚለውን ፋይል ፈልግ። ስሙን ቀይር። የልጁን ሙሉ ስም ጻፍ፤ ከጎኑ ስልክ ቁጥሩን፤ ከቻልህ «መሲንቆ፣ ለሠርግ» ብለህ ጨምር። ቁልፍ ስልክ ላይ ዘፈኑ ሲከፈት ስሙ ከላይ ይሄዳል፤ ገበሬው ባያነብ ልጁ ያነብለታል። አንዳንድ ስልክ የግዕዝ ፊደሉን ሳጥን ሳጥን ያደርገዋል፤ በግዕዝም በእንግሊዝኛ ፊደልም ጽፈህ በአንድ የደንበኛ ስልክ ሞክረው። ልጁን ስታገኘው ደግሞ ስሙን እሱ ራሱ ይጻፍልህ፤ በ«ሐ» ይሁን በ«ኀ» ተሳስተህ ሌላ ጸብ እንዳታመጣ።